ስንቁን ማን ተሸከመው?

ኸርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ ሱቅ ዐረቢ የሚባለውን የመሀል ከተማ ገበያ ያውቃል። ትልቁ መስጊድ፣ የስልክ ሱቆቹ፣ የአውቶቡስ ረዳቶቹ ጩኸት፣ በየጥጉ በርጩማ ዘርግተው ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች። እኔ እዚያ አንድ ፎቅ ላይ ስልክ እጠግን ነበር። ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ ሐሙስ ማታ ሥራ ስንጨርስ የሱቁን ኮምፒዩተር እከፍትና መብራት እስኪጠፋ ድረስ «ሃርትስ ኦፍ አይረን 4»ን እጫወት ነበር።

ለማታውቁት፣ ፓራዶክስ የሚባል የስዊድን ድርጅት የሠራው የታሪክ ጌም ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1936 ይጀምራል። ከዓለም አንድ አገር ትይዛላችሁ፤ ፋብሪካውን፣ ሹመቱን፣ ጦሩን፣ ባቡር ሐዲዱን ሳይቀር እናንተ ታዛላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ኢትዮጵያን ነበር የምይዘው። በመጀመሪያው ቀን ጣልያን አገራችን ውስጥ ገብቷል። የማይጨው ጦርነት ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 «ባይ ብለድ አሎን» የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ለኢትዮጵያ የራሷ መንገድ ተሠራላት፤ ብትሸነፉም ንጉሡ ተሰደው መታገል ይችላሉ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። የሌላው ዓለም ልጅ የእኛን አርበኞች ይዞ ሊዋጋ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ የምንኖር ጎጃሜ ሽማግሌ ስልካቸውን ሊወስዱ መጡ።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ?»

«የጣልያን ጊዜ ጦርነት ነው ጋሼ። ጃንሆይን እየመለስኳቸው ነው።»

ወደ ካርታው ጎንበስ አሉ። «ጎጃም የታለች?»

አሳየኋቸው። ጣታቸውን ቢያሳርፉባት ጠፋች። ስለ ወታደሮቹ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ስንቃቸውን ማን ይሸከምላቸዋል?» አሉ።

የስንቁን ካርታ ከፈትኩላቸው። ጦሩ የጠገበበትና የተራበበት ቦታ በቀለም ይለያል፣ መኪና ስትጨምርበት ይሻሻላል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እሱስ ገባኝ» አሉ። «ማን ይሸከመዋል ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንበብ ጀመርኩ፤ መልሱም የተቀመጥኩበት ከተማ ሆኖ አገኘሁት።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ከእንግሊዝ አገር ኸርቱም ገቡ። ግማሽ ዓመት ያህል እዚያው ሱዳን ቆዩ። ዊንጌት የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን የሱዳን ወታደሮችንና ስደተኛ ኢትዮጵያውያንን ይዞ የጌዲዮን ጦርን አደራጀ፤ ቁጥሩ ወደ 2,000 ቢሆን ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ አመሩ። መኪና የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። ጥይቱን፣ ዱቄቱንና ብሩን የተሸከሙት ከሱዳን የተሰበሰቡ 15 ሺህ ያህል ግመሎች ናቸው። የአሸዋ እንስሳ በድንጋይና በቀርከሃ መሀል ሽቅብ ተነዳ። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መንገድ ላይ አለቁ፤ ከኋላ የሚመጣው ጦር መንገዱን በሬሳቸው ሽታ ይለየው ነበር ይባላል። ነጂዎቹ ሱዳኖች ነበሩ። ደጋ ላይ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ አርበኞቹን እነ በላይ ዘለቀን፣ እነ መንገሻ ጀምበሬን ሲቀልብ የኖረው የጎጃም ገበሬ ነበር። ሚያዝያ 27 ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት በዚህ ሁሉ ጫንቃ ነው።

ጌሙን ልኮንን አልመጣሁም። ትምህርት ቤት ማይጨውን ተምሬያለሁ፣ ሚያዝያ 27ን ተምሬያለሁ፤ በመሀል ያለው አምስት ዓመት ግን ባዶ ነበር። ጦር የሚያሸንፈው ስንቅ ሲደርሰው መሆኑን ያስተማረኝ ይሄ ጌም ነው። የተሸካሚውን ፊት ግን አያሳይም። ሱዳኖች ጓደኞቼ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ «አያቶቻችሁ እኮ እዚህ መንገድ ላይ ነበሩ» ብዬ አለመናገሬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር፣ ኸርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ለፋሲካ የገዛነው ዶሮ ሳይታረድ ቀረ። በኋላ እኔም በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ስወጣ አንድ ጄሪካን ውሃና ደረቅ ዳቦ ይዤ ነበር። ጄሪካኑን ከአንድ ሱዳናዊ አባት ጋር ተራ በተራ ተሸከምነው። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ የማየው ካርታ ኸርቱምን በተፋላሚዎቹ ሁለት ቀለም ከፍሏት ነበር፤ ሱቅ ዐረቢ በአንዱ ቀለም ተሸፍና፣ ውስጧ ያለው ሰው ሳይታይ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ሠራዊት መሀል ከተማውን ሲመልስ የተቃጠሉትን ሱቆች በፎቶ አየሁ።

ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ የት እንዳሉ አላውቅም። ይህን የምታነቡ የጎጃም፣ የመተከል፣ የመተማ ልጆች፣ በሕይወት ያሉ አያቶች ካሏችሁ ዛሬ ደውሉላቸው። ማን እንደተዋጋ ብዙ ተጠይቀዋል። እናንተ ስንቁን ማን እንደተሸከመ ጠይቁልኝ፤ የነገሯችሁንም እዚህ ከታች ጻፉልኝ።