አሮጌ ፒፓ ስለ ማጽዳት

ያረጀ ዕቃ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንዱ ሳይመረምር የሚጥለው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ያለ መጠን የሚፍቀው ነው። ይህን ያስተማረኝ የአጎቴ ፒፓ ነው። አጎቴ 40 ዓመት ያህል ትንባሆ ሲያጤሱ ኖረው በጉሮሮ ነቀርሳ ሞቱ፤ ፒፓቸውም ለእኔ ደረሰኝ። ባለቤታቸው ስጠርገው አይተው፣ «ያን የመሰለ ሰው የገደለ ዕቃ ነው የምታጥበው? ወደ እሳት ጣለው እንጂ!» አሉኝ። እኔም፣ «እትዬ፣ የገደላቸው ትንባሆው ነው፤ እንጨቱ ግን የእጃቸው ወዝ አለበት፤ ይተዉልኝ» ብዬ መለስሁላቸው።

እንጨቱ በፈረንጅ አገር ብሪያር ይባላል። እርሱም በእኛ አገር በሰሜን ተራራ የሚበቅለው አስታ ከሥሩ ላይ የሚያወጣው ጕጥ ነው። በፈረንሳይ የሴንት ክሎድ ከተማ ሠራተኞች ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምረው ፒፓ ይሠሩበታል። ጕጡ ብዙ ሰዓት በውኃ ይቀቀላል፤ ከዚያም ለብዙ ወራት እንዲደርቅ ይተዋል። እሳት የሚችለው እንጨት እንኳ ትዕግሥት ይፈልጋል ማለት ነው።

አጽጂውም እንዲሁ ሊታገሥ ይገባዋል። ፒፓው ትኩስ ሳለ የአፉን መያዣ የሚነቅል ሰው መጋጠሚያውን ይሰብራል። በውስጡ የተጋገረው ከሰል ሲወፍር፣ ሙቀት ባገኘው ጊዜ ይለጠጥና እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ፈጽሞ ቢፋቅ ደግሞ እንጨቱ ራቁቱን ቀርቶ በእሳት ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይተዉለታል። ከዚያም ጎድጓዳውን በጨው ሞልተው በአልኮል አርሰው ያሳድሩታል፤ ሲነጋ ነጩ ጨው የቆየውን ቅጥራን ጠጥቶ ጠቁሮ ይገኛል። የአፍ መያዣው ጎማና ድኝ በሙቀት ተዋሕደው የሚገኘው ኤቦናይት ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ቢጫ ይለወጣል፤ በውኃ በራሰ ልም ብርጭቆ ወረቀት ሲጠርጉት ግን ጥቁረቱ ይመለሳል። በመጨረሻም እንጨቱ በሰም ይወለወላል።

በመያዣው ላይ የአጎቴ ጥርስ የነከሰበት ምልክት ነበረ። እንዲህ ያለው ስርጉድ በእሳት ወላፈን ቀስ አድርገው ሲያሞቁት ይነሣል። እኔ ግን አውቄ ተውሁት፤ እርሱ እድፍ አይደለምና።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ፒፓ ማጤስ ከንፈርን፣ አፍንና ጉሮሮን ለነቀርሳ እንደሚያጋልጥ ዛሬ የታወቀ ነገር ነው፤ ስለዚህ በጸዳው ፒፓ ውስጥ እሳት አልተጫረበትም፣ አይጫርበትምም። ከሽማግሌዎችህም ብዙ ነገር ትወርሳለህ፤ ከእርሱም ውስጥ የሚጎዳ ልማድ ይገኝበታል። ልማዱን ስለ ፍቅራቸው ብለህ አትቀጥል፤ እነርሱንም ስለ ልማዳቸው ብለህ አትጣል። ጥላሸቱን ጥረግ፤ እንጨቱን ጠብቅ፤ የጥርሱንም ምልክት ለልጆችህ አሳይ።