ፍየሏ ብትሞትስ?



ከዒሻ በኋላ ዶርም ውስጥ ከሚነሱት ወሬዎች ግማሹ ስለ ንግድ ነው። "አንተ ገንዘቡን አምጣ፣ እኔ እሠራለሁ" ተባብለው ያላመሹ ጓደኛሞች ጥቂት ናቸው። እኛም ሁለት የጎብዬ ልጆች ነን፤ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር አብረን ያደግን። ከሁለታችን አንዳችን ገንዘብ አለው፣ ሌላችን ግቢና ጉልበት። ማን የቱ እንደሆነ አንናገርም፤ ይህን ጽሑፍም እየተመካከርን አብረን ነው የምንጽፈው።

ሐሳባችን ቀላል ነው። በ2017 ዐረፋ ግንቦት 29 ቀን ነበር፤ በ2018 እንደ ጨረቃዋ በግንቦት ሦስተኛው ሳምንት ይጠበቃል። ፍየል ለማደለብ ሦስት ወር ያህል ይበቃል። ስለዚህ የካቲት ላይ ረመዳን ሲገባ አሥር ፍየሎች ገዝተን፣ ጎብዬ ላይ ቀልበን፣ ለዐረፋ ወልዲያ አምጥተን መሸጥ ነው። ለኡድሒያ የሚታረድ እንስሳ ዕድሜው የደረሰ፣ ያልከሳ፣ ያላነከሰ፣ ዓይኑ ያልጠፋ መሆን ስላለበት ገዢው ምን እንደሚፈልግ ከወዲሁ ይታወቃል። የማሽላ አገዳ በራያ ቆላ ሞልቷል፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ይገዛል። ሽንኩርትም አስበን ነበር። ግን በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ የሚለማው ሽንኩርት ሁሉም ባንዴ ሲያወጣው ዋጋው ይወድቃል፣ ካልተሸጠም ይበሰብሳል። ፍየል ገበያ ብታጣ በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ገንዘቡ 80 ሺህ ብር ነው። ያንዳችን ታላቅ ወንድም በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገብቶ ያጠራቀመው ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለራያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ2006 ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን የመጡ ጎረቤቶችን በልጅነታችን አይተናል። የወንድምየው መልእክት አጭር ነበር፦ "ትርፉን ለሁለት ተካፈሉ። ዋናው ግን እንዳይነካ፤ ከጎደለ ጓደኛህም ይሙላ።"

ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ሰው የሞተበትን መንገድ አልፎ ያመጣው ገንዘብ እንዳይነካበት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? እኛም ልንስማማ ስንል ያንዳችን እናት ቡና እየቀዱ፣ "እሺ ልጆቼ፣ ፍየሏ ብትሞትስ የማን ናት?" አሉ። ጦርነቱ በ2013 ክረምት፣ ከዚያም በ2014 ነሐሴ ራያ ቆቦ ሲደርስ አይተዋል፤ በረት በአንድ ቀን እንዴት ባዶ እንደሚሆን ያውቃሉ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ጥያቄያቸውን ይዘን አንድ ኡስታዝ ዘንድ ሄድን። እንደ ነገሩን ከሆነ፣ ዋናው ገንዘብ እንዲመለስ ቃል ማስገባት ይቻላል፤ ይህ ብድር ነው፤ ታዲያ አበዳሪው ከትርፉ ምንም አይነካም፤ በስምምነት ድርሻ ከወሰደ ሪባ ይሆናል። ትርፍ መካፈል የፈለገ ኪሳራውንም ይሸከማል። በሙዳረባ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሥራ ያወጣል፤ ሳያጠፉ ከከሰሩ ገንዘቡ የባለገንዘቡ፣ ልፋቱ የሠራተኛው ኪሳራ ነው። በሙሻረካ ደግሞ ሁለቱም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኪሳራው ባዋጡት ልክ ይከፈላል። ማደለብ በሙዳረባ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ኡስታዙ ወደ ሙሻረካ ገፋፉን። በትርፉም ልዩነት አለ፤ ሻፊዒዮች ባዋጡት ልክ ይሁን ሲሉ፣ ሐነፊዮች የሚሠራው ሰው በስምምነት ከፍ ያለ ድርሻ እንዲያገኝ ይፈቅዳሉ። ወሎ ውስጥ ሁለቱም አሉና እናንተም የምትከተሉትን ጠይቁ።

(ሽርክና የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ከሽርክ ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን ስንሰማ ትንሽ ደንገጥ ብለን ነበር። ሁለቱም ማጋራት ነው፤ የሚለየው ማንን ከማን ጋር እንዳጋራህ ነው።)

እንደኛ እምነት ጓደኛሞችን የሚያጣላው ከክህደት ይልቅ ይሉኝታ ነው። ጓደኛን "ብንከስርስ?" ብሎ መጠየቅ አለማመን ይመስላል፤ "እንጻፈው" ማለት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ግን የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። የወረደውም ለሙእሚኖች ነው፤ እርስ በርስ ለሚተማመኑት። እኛም ጽፈነዋል፤ አንድ ገጽ ከግማሽ፣ በሁለት ምስክር ፊት።

ሠራተኛው 16 ሺህ ያዋጣል፤ ከስልክ መግዣው ላይ ነው። ባለገንዘቡ 64 ሺህ። ትርፉ እኩል። 16 ሺህ ብር ብንከስር 12,800 ካንዱ፣ 3,200 ከሌላው ይሄዳል። ቁጥሩን በወረቀት ስናየው ፍርሃቱ ቀለለን፤ መጠን ያለው ነገር ሆነ። ከባዱ ክፍል ቸልተኝነት የቱ ነው የሚለው ነበር፤ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረንበታል። በረት ሳይዘጋ አድሮ ጅብ ከገባ የሠራተኛው ዕዳ ነው። ተከትባ፣ ተዘግቶባት በበሽታ ከሞተች የጋራ ነው። ሳትከተብ ከሞተችስ? ክትባት ጠፍቶ ከሆነ የጋራ፣ ሳይጠየቅ ቀርቶ ከሆነ የሠራተኛው።

ከዚያ የፈተና ሳምንት መጣ፤ ማለት በወረቀቱ ላይ። ማን ይቀልባል? "እማ ይቀልባሉ" አልን ባንድ ድምፅ። ይህን ስንጽፍ ግን እጃችን ቆመ። ገንዘብ ያላዋጡ፣ ትርፍ ያልተመደበላቸው፣ ሦስት ወር አገዳ የሚሸከሙት እሳቸው ናቸው። ልጆች ንግድ ጀመሩ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሠሩት እናቶች ናቸው። የታወቀ የወር ክፍያ ጻፍንላቸው፤ ከትርፉ በፊት ከወጪ ጋር የሚታሰብ። ሲነገራቸው ሳቁ፣ ከዚያ ግን "በየስንት ቀኑ ነው?" ብለው ጠየቁ።

አሁን የቀረን ወንድምየው ነው። "ጓደኛህም ይሙላ" ያለው ከወረቀቱ ወጥቷል፤ ትርፍ እየተካፈሉ የአንዱን ገንዘብ በሌላው ማስያዝ አይሆንም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። 64 ሺውን ለወንድሙ ያበድራል፤ ያኔ ፍየሎቹ ሁሉ ቢያልቁም ዕዳው ያንዳችን ብቻ ነው፣ የሌላው አይደለም። ወይም እሱ ራሱ ሸሪክ ይሆናል፤ ከትርፉ ይወስዳል፣ ፍየሏ ብትሞትም ከሳዑዲ ሆኖ ይከስራል። ሁለቱንም በድምፅ መልእክት አስረዝመን ላክንለት። እስከ የካቲት መጀመሪያ መልስ ካልሰጠን በ16 ሺው ሁለት ፍየል እንገዛለን። መልእክቱን ሰምቶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።