ባለ ፈረሷ ባጃጅ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። መሐል ሜዳ ነበርኩ። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ደግሞ የመንዝ ብርድ። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጓሳ በኩል የሚነሳው ነፋስ የሰው ፊት አይቶ አያልፍም። በርኖስ የደረበው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ እንደኔ በስስ ጃኬት የመጣው ከተሜ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ይሮጣል። እንዲህ ስሮጥ አንዲት ባጃጅ አጠገቤ ቀጥ አለች።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ብርዱ እኮ አይምርዎትም።»

ከመግባቴ በፊት አየኋት። ግንባሯ ላይ በቢጫ መደብ፣ በኋላ እግሩ የቆመ ጥቁር ፈረስ ተለጥፏል። ዞሬ ጀርባዋን ሳይ በፊደላችን «ላምቦርጊኒ» ይላል። ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚያውቅ ግን የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ለብሶ ለኢትዮጵያ ቡና እንደ መጨፈር ነው።

«ፈረሱ የማን ነው?» አልኩት ሾፌሩን። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።

«የፌራሪ ነዋ!»

«ከኋላ የተጻፈውስ?»

«እሱ ለፍጥነት ነው፣ ጋሼ።»

አትሳቁበት። እኔ ስቄ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ልጁ ከዘመድ ቤት አልወጣም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥራቸው።) ፌራሪ በስሙ የመጀመሪያውን መኪና ያወጣው በ1947 ነው። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ደግሞ በ1948 ከጦርነት የተረፈ ዕቃ እየገጣጠመ ትራክተር መሥራት ጀመረ። አዎ፣ ያ ሀብታም የሚሽቀዳደምበት ስም መጀመሪያ የገበሬ ስም ነበር፤ ወደ ስፖርት መኪና የዞረው በ1963 ነው። በዚያው በ1948 ፒያጆ የተባለ፣ ፋብሪካው በጦርነቱ በቦምብ የፈራረሰበት አውሮፕላን ሠሪ፣ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር አወጣ። ስሟን «አፔ» አሏት፤ ንብ ማለት ነው። የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ዋና ሙያው ሄሊኮፕተር ነበር። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ማምረት ያዘ፤ መሐል ሜዳ ላይ የሚርመሰመሱት የንቧ የልጅ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ፈረሱም፣ የላምቦርጊኒ ኮርማም፣ ንቧም ያንድ አገር፣ የጣልያን፣ ያንድ ድህነት ልጆች ናቸው።

መንዝ ጣልያንን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለአርበኞቹ ልጆች እተወዋለሁ። ግን አንድ ቀን ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ጎማ፣ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ። ከፌራሪ ፋብሪካ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አምጥታችሁ እዚህ ብታስቀምጡት ሰላምታው ይቸግረዋል እንጂ ሥራው አይቸግረውም።

ፈረሱም ቢሆን ወደኛ ልማድ ይጠጋል። መጀመሪያ ያወጣው ፍራንቼስኮ ባራካ የሚባል የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ነው፤ ከፈረሰኛ ጦር የመጣ ስለነበር አውሮፕላኑ ላይ ፈረስ አሳለ። በ1918 ሞተ። እናቱ በ1923 ኤንዞ ፌራሪን አግኝተው የልጃቸውን ፈረስ መኪናው ላይ እንዲያደርገው ነገሩት። እኛ ዘንድ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ፌራሪም በሙት ፈረስ ስም ተጠራ ማለት ነው።

አሁን ከኋላ ወደ ተጻፈው ስም ልመለስ። የላምቦርጊኒን መልክ ዓለም ያወቀው በማርቼሎ ጋንዲኒ እጅ ነው። በ1971 ጄኔቭ ላይ የታየችው ካውንታች ከፊት እንደ ሽብልቅ የሾለች፣ ቁመቷ 107 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበረች፤ አንድ የመንዝ በግ እረኛ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያያታል። በሯ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ሰማይ ይከፈታል። ለጉራ ይመስላል፣ ግማሹም ጉራ ነው፤ ግን የኋላ መስኮቷ ስለማያሳይ ሾፌሩ ወደኋላ ሲነዳ በሩን ሰቅሎ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ማውጣት ነበረበት። ኋላ ላይ ደግሞ ትልቅ ክንፍ ተጨመረላት። ክንፉ ፍጥነቷን በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይቀንሰዋል። ሰዉ ግን ክንፉን ገዛ። ይሄን ስነግረው ልጁ መሪውን ለቆ አጨበጨበ፤ የሱ ጽሑፍ ቢያንስ አያዘገይም።

«እዚህ ብትመጣስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ቡናችሁን ያዙ። ሱፐርካር ማለት አየርን ስንጥቅ አድርጋ እንድታልፍ፣ አየሩም ወደ መሬት እንዲጫናት የተቀረጸች ዕቃ ናት። መሐል ሜዳ ላይ ያ አየር ሳስቷል፤ ከባሕር ዳርቻው ሩቡ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ ሞተሯ በራሱ የሚተነፍስ ከሆነ፣ 700 የፈረስ ጉልበት ብላ የተመዘገበችው እዚህ 530 አካባቢ ትሆናለች። መቶ ሰባ ያህል ፈረስ ዳገቱን ሳይጨርስ ይቀራል። የሚገፋት አየር መቅለሉ ይረዳታል፣ ግን የሚጫናትም አየር አብሮ ስለሚቀል ኩርባ ላይ ያንሸራትታታል። ቱርቦ ያላት ይሻላታል፤ አየሩን አፍና ነው የምትውጠው። ደግሞስ በየት በኩል ትመጣለች? ከመሬት ከፍታዋ ስንዝር አይሞላም፤ መጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ሆዷ ይቀራል።

አየር የማይቸግራቸው የኤሌክትሪኮቹ ናቸው። የክሮኤሺያዋ ሪማክ ኔቬራ 1,914 የፈረስ ጉልበት አላት፤ መሐል ሜዳም ቢሆን አንዱን አታጣም። መንግሥት በኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ ልጁ ሲያድግ የሚመኘው ምናልባት ድምፅ የሌለው ነገር ይሆናል። ይሄን ስለው ፊቱ ጠቆረ። «ድምፅ ከሌለው ምኑን ፌራሪ ሆነ?» እውነቱን ነው።

የባጃጇ ውስጥስ? ላስጎብኛችሁ። ወንበሩ ላይ የበግ አጎዛ ተነጥፏል፤ ከመርሴዲስ ቆዳ ይሞቃል፣ በምስክርነት እቆማለሁ። ጣሪያው ምንጣፍ ለብሷል፤ በዙሪያው ቀይ ዘርፍ እንደ በቅሎ ግላስ ይወዛወዛል። ከመስታወቱ በታች የማርያም ሥዕልና የፕላስቲክ አበባ፤ በጎን ነፋስ የሚከልል ሸራ። በ1987 የወጣችው ፌራሪ ኤፍ 40 እንኳን ምንጣፍ፣ ሬዲዮም የላት፤ በሯ ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ተስቦ ነው። ክብደት ይቀንሳል ብለው ነው። ሰው ሚሊዮን ከፍሎ የበር ገመድ ሲገዛ፣ የኛው ልጅ ካለችው ላይ አጎዛ ያነጥፋል። ፈረስን ሸልሞ ገበያ የሚያወጣ አገር ልጅ ነውና ባዶ ኮርቻ አያስችለውም።

ስንቃረብ ያስታወስኩት አንድ ነገር አለ። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጎርደን ማሪ የነደፋት ማክላረን ኤፍ 1፣ በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር የበረረችው፣ መሪዋ በቀኝም በግራም አይደለም። ሾፌሩ መሃል ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሁለት ሰው ከጎንና ከጎኑ ፈንጠር ብሎ ወደኋላ። የሞተሯ ማረፊያ ሙቀት እንዲመልስ በወርቅ ቅጠል ተለብጧል።

ልጁ ባጃጇን አቆመ። ወደ ራሱ መቀመጫ አየ፤ መሃል ላይ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«እንደኔ?»

«እንዳንተ።»

ትንሽ ዝም አለ። ሂሳቤን ሲቀበል ጥግ ላይ ወደ ገበያ ሁለት በግ የሚጎትቱ አንድ አባት እጃቸውን አወጡለት።

«ጋሼ፣ ማክላረኗ በግ ትጭናለች?»

«ሁለት፤ አንዱ በቀኝህ አንዱ በግራህ።»

«ባለቤቱስ?»