ቀዩን የጣሰው ሌላ፣ ደብዳቤው የሚመጣው ለእኔ

ፖቶማክ ወንዝን እየተሻገረ የሚሠራ ሰው ይህን በኪሱ ያውቀዋል። ቀይ መብራት ሲጥስ ካሜራ የያዘው መኪና ዋሽንግተን ዲሲ ላይ 150 ዶላር ያስከፍላል፤ ሜሪላንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 75፤ ቨርጂኒያ ከተገባ ደግሞ ከ50 አይበልጥም። ጥፋቱ አንድ፣ ዋጋው ሦስት። ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ 500 ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቅጣትና መዝገቡ ላይ አንድ ፖይንት ይነግራችኋል። ያም ሆኖ እንዲህ ላለው ቅጣት ሾፌሩ ራሱ በፎቶው መለየት አለበት።

በእኛ አካባቢ ካሜራው ፊት አይፈልግም። መብራቱ ከቀላ በኋላ የማቆሚያውን መስመር ያለፈውን መኪና መስመሩ ላይ አንዴ፣ መስቀለኛው መሃል ደግሞ አንዴ ያነሳዋል። ከዚያ ታርጋው ይነበባል፣ ደብዳቤውም መዝገብ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ይላካል። (ቢጫ ላይ የገባ አይነሳም። ይህቺ ለሚሟገቱኝ ጓደኞቼ ናት።) ማን ይነዳ እንደነበር በዚህ ሁሉ መሃል የጠየቀ የለም።

ሐበሻ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ መኪና መች የአንድ ሰው ሆኖ ያውቃል? አዲስ የመጣው የአክስት ልጅ ክሬዲት ስለሌለው በእህት ስም ይገዛለታል። ታርጋው በሚስት፣ ኢንሹራንሱ በባል ስም ይሆናል። ቅዳሜ ለሠርግ ይወሰዳል፣ እሁድ እንግዳ ለመቀበል ደለስ ኤርፖርት ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ፖስታው ሲመጣ ባለቤቷ ቀኑንና ሰዓቱን አይታ ማን እንደነዳው ወዲያው ታውቃለች። ሜሪላንድ ከሆነ የሾፌሩን ስምና አድራሻ ጽፎ መላክ ይቻላል። ግን የአክስቷን ልጅ ስም ለመንግሥት ጽፋ ልትልክ ነው? በዓል ላይ በምን ዓይኗ ታየዋለች? ትከፍላለች፣ ዝም ትላለች። ብዙው ቲኬት የሚከፈለው በይሉኝታ ነው ብል አልተሳሳትኩም መሰለኝ።

ባለቤትን መጠየቅ አሜሪካ የፈጠረችው ነገር ግን አይደለም። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ባለቤቱ የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪናውን በውክልና ሸጦ፣ ሊብሬው በስሙ እንደተቀመጠ ተረጋግቶ የሚተኛ ስንት ሰው አለ! ነገር ግን ያ አንቀጽ የሚያወራው ስለ ካሳ ነው። የተጎዳ ሰው አለ፣ የሚክስ መገኘት አለበት፣ ባለቤቱ ደግሞ ቅርብ ነው። ቅጣት ሲሆን ትራፊክ ፖሊሱ ያስቆምና “መንጃ ፈቃድ” የሚለው የነዳውን ሰው ነው። ካሜራው ሁለቱን ደባለቃቸው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቅጣት፣ አከፋፈሉ እንደ ካሳ።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም እዚህ ላይ ተለያይተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 የሴንት ሉዊስን ደንብ የሻረው፣ አለመንዳቱን የማስረዳት ሸክም ባለቤቱ ላይ ጥሏል ብሎ ነው። የሚኒሶታው በ2007 የሚኒያፖሊስን ደንብ ጥሎ ነበር፤ በ2024 ግን የግዛቱ ሕግ አውጪ ለሙከራ መልሶ ፈቀደው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ 40 ዶላር። ቺካጎን በሚመለከት ደግሞ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ በ2009 ጉዳዩ የገንዘብ ቅጣት ብቻ እስከሆነ ድረስ ባለቤቱን ማስከፈል ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ።

እኔ ከመጨረሻው ጋር ነኝ፤ ቅጣቱ ቀላል እስከሆነ ድረስ። ካሜራ ነፍስ ያድናል። የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ካሜራ በተከሉ ትልልቅ ከተሞች ቀይ በመጣስ የሚመጣው የሞት አደጋ መጠን በ21 በመቶ ያነሰ ነበር። ለዚህ ሲባል ያልነዳ ሰው 50 ዶላር ቢከፍል አላለቅስም። ቨርጂኒያ ላይ ቲኬቱ የመንዳት መዝገብ ውስጥ አይገባም፣ ኢንሹራንስ አይጨምርበትም፣ “አልነዳሁም” ብሎ በመሐላ የጻፈም የማንንም ስም ሳይሰጥ ሊወጣ ይችላል።

ዲሲ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። 150ው በጊዜው ካልተከፈለ እጥፍ ይሆናል። ሳይከፈሉ የቆዩ ሁለት ቲኬቶች ያሉበት መኪና ጎማው ላይ ቡት የሚባለው መቆለፊያ ሊታሰርበት ይችላል። ለታክሲና ለኡበር ሾፌር ቡት ማለት ሥራ ቀረ ማለት ነው፤ ቀዩን የጣሰው ትናንት መኪናውን የተዋሰው ሰው ቢሆንም።

ይህ ሁሉ ክብደት ደግሞ አደገኛውን ሾፌር ቢያቆም ጥሩ ነበር። በመጋቢት 2023 ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ በሊፍት (Lyft) መኪና ሲጓዙ የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የገጫቸው መኪና ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ያልተከፈለ ቲኬት ነበረበት፤ አብዛኛውም የካሜራ። ማሽኑ ደጋግሞ አይቶታል፣ ደጋግሞ ወረቀት ልኳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በ2024 የወጣው የዲሲ ሕግ ዋና ዓቃቤ ሕጉ የሌላ ግዛት መኪኖችን ጭምር በፍርድ ቤት እንዲከስ ሥልጣን ሰጥቶታል። ዘግይቷል፤ ግን ቢያንስ ወደ ሰውየው የሚሄድ መንገድ ነው።

ማሽኑ ራሱ ቢሳሳትስ? በ2013 ኦሪገን፣ ቢቨርተን ከተማ ውስጥ የካሜራ ቲኬት ለአንዲት ሴት መጣ። ባሏ ማትስ ያርልስትሮም በኤሌክትሮኒክስ የተማረ ስዊድናዊ ነው፤ ከመክፈል አልፎ ቢጫው ስንት ሰከንድ መቆየት እንዳለበት ያሰላ ጀመር። የሚሠራበት ቀመር በ1959 የወጣ ነው፤ ቀጥታ የሚሄደውን መኪና እንጂ ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንሰውን አላሰበም። ይህን ለባለሥልጣናት ቢጽፍ፣ የግዛቱ የመሐንዲሶች ቦርድ “ያለ ፈቃድ ምሕንድስና ሠርተሃል” ብሎ 500 ዶላር ቀጣው! በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ በ2020 የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም የሚታጠፉትን መኪኖች ያገናዘበ ስሌት ተቀበለ። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ቲኬት የደረሰው ሁሉ ሊያመሰግነው ይገባል።

አንድ ነገር ላክልና ላብቃ። አገር ቤት መኪና ሲሸጥ ታርጋው አብሮ መሄዱን ስለለመድን፣ እዚህም ታርጋውን ሳይፈታ ቁልፉን የሚያስረክብ አለ። በዲሲም በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ታርጋው የሻጩ ነው። ፈታችሁ ውሰዱት፣ መልሱት ወይም ወደ ሌላ መኪናችሁ አዛውሩት፣ የሽያጩን ወረቀትም አትጣሉ። ገዢው ወዳጃችሁ ቢሆንም።