የሚያንጎራጉረው ማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመዘምራን ልምምድ ላይ እያለን መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ ማይክሮፎኑም ዝም አለ። መብራቱ እስኪመጣ ብለን አምስት ስድስት ሆነን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዷ እህት «እስኪ ይህን ስሙልኝ» ብላ ስልኳን ከፈተች። የፒያኖ ሙዚቃ ነበር፤ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ሥራ። ጥቂት እንደሰማን ከፒያኖው ጀርባ ሌላ ድምፅ መጣ። አንድ ሰው አፉን ገጥሞ ያንጎራጉራል። አንዳንዴ ዜማውን ይከተላል፤ አንዳንዴ ደግሞ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

«ማን ነው የሚያንጎራጉረው? ስልክሽ ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ባስ የሚዘምረው ጓደኛችን። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። «ተጫዋቹ ራሱ ነው» አለች።

ይሄኔ ተከፋፈልን። አንዱ «ታዲያ ይህን ሳያጠፉ እንዴት ለሕዝብ ያወጡታል?» አለ። ሌላዋ «እኔስ ደስ አለኝ፤ አጠገቤ ተቀምጦ የሚጫወት ነው የመሰለኝ» አለች። እኔ ደግሞ «ሥርዓት የለውም» አልኩ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የዚያ ሰው ስም ግሌን ጉልድ ይባላል። በ1932 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። በልጅነቱ ፒያኖ ያስተማረችው እናቱ ነበረች። የምትጫወተውን ሁሉ በአፍህም አዚመው ትለው ነበር። ልጁም ቃሏን ጠበቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጫወት ማንጎራጎሩን አልተወም። የስቱዲዮ ባለሙያዎች ድምፁን ለማጥፋት ብዙ ደከሙ፤ አልሆነላቸውም። እሱም ሆነ ብሎ የሚያደርገው አልነበረም፤ አፉን ሲይዝ ጨዋታው የሚበላሽበት ሰው ነበር።

ጉዱ በዚህ ብቻ አያበቃም። አባቱ አንድ ተጣጣፊ ወንበር እግሮቹን ቆርጦ ዝቅ አደረገለት። መቀመጫው ከወለሉ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር ከፍታው። ጉልድ በዚያች ወንበር ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ከፒያኖው ቁልፎች ጋር ሊነካካ ይደርሳል። በየሄደበት አገር ይዟት ይዞር ነበር፤ መቀመጫዋ አልቆ አጥንቷ እስኪቀር ድረስ አልተዋትም። በበጋ ካፖርት፣ ሻርፕና ጓንት ይለብሳል። ከመጫወቱ በፊት እጆቹን ሙቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል። አንድ እጁ ሥራ ሲፈታ በሌላኛው ላይ እንደ ኦርኬስትራ መሪ አየር ላይ ያወዛውዛል።

እንግዲህ በአዳራሽ ተቀምጣችሁ ይህን ሁሉ ብታዩ ምን ትላላችሁ? በዘመኑ የነበሩትም እንደ እኛ ተከፋፈሉ። ገሚሶቹ «ትርኢት ነው፤ ሰው እንዲያየው ብሎ ነው» አሉ። ገሚሶቹ «ዐይናችሁን ጨፍኑና ስሙት» አሉ።

ዐይኑን ጨፍኖ የሰማው ሰው ምን አገኘ? በመዘምራን ያላችሁ በቀላሉ ትረዱኛላችሁ። የባኽ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ አንድ ዜማና አጃቢ አይደለም። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዜማ ይዘው አብረው እንደሚሄዱት ነው። በፒያኖ ላይ ያን ሁሉ የሚሸከሙት ዐሥር ጣቶች ብቻ ናቸው። ብዙ ጊዜ ድምፆቹ ይደበላለቁና የላይኛው ብቻ ይሰማል። ጉልድ ፔዳሉን እምብዛም ሳይረግጥ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ነጠል አድርጎ ስለሚመታ መካከል ላይ የተደበቀው ድምፅ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል። አልቶዋን ለብቻዋ ልከተላት ብትሉ ትችላላችሁ።

በ1955፣ ገና 22 ዓመቱ ሳለ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በነበረ ስቱዲዮ የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ቀረጸ። ሥራው አንድ መነሻ ዜማና ሠላሳ ቅያሪዎች ያሉት ነው። ያሳታሚው ድርጅት ሰዎች ለመጀመሪያ ሸክላ ይህ ይሆናል ወይ ብለው አመንትተው ነበር። ሸክላው ሲወጣ ግን ስሙ በዓለም ተሰማ። በ1957 ሞስኮ ሄደ። ኮንሰርቱ ሲጀመር አዳራሹ አልሞላም ነበር። በዕረፍቱ ሰዓት ሰዎች ወደ ስልክ ሮጠው ወዳጆቻቸውን ጠሩ፤ ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

ይህን ብቻ ብነግራችሁ ግን አታለልኳችሁ ማለት ነው። ያልወደዱት ሁሉ ጆሮ የሌላቸው አልነበሩም። ጉልድ የሞዛርትን ሶናታዎች በሙሉ ቀርጿል፤ አንዳንዶቹን እጅግ አፍጥኖ፣ ሌሎቹን እጅግ አዝግሞ። ሞዛርትን እምብዛም እንደማይወድም በአደባባይ ይናገር ነበር። ሙዚቃ ጠንቅቀው የሚያውቁ ብዙ ሰዎች «ይህ ሞዛርትን መጫወት ሳይሆን ከሞዛርት ጋር መጣላት ነው» ብለው ተቆጡ። እኔም ሰምቼዋለሁ፤ አልወደድኩትም። እስከ ዛሬም አልወድም።

አሁን ወደ አንድ ምሽት ልውሰዳችሁ። ኤፕሪል 6 ቀን 1962፣ ኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ። ጉልድ ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር የብራምስን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቼርቶ ሊጫወት ነው። የኦርኬስትራው መሪ ሌናርድ በርንስታይን ነው። ጉልድ ሙዚቃውን ከተለመደው በጣም አዝግሞ መጫወት ፈልጓል። በርንስታይን በዚህ አልተስማማም፤ ተነጋገሩ፤ ጉልድ አልተመለሰም። በርንስታይን ምን አደረገ መሰላችሁ?

ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ወደ አድማጩ ዞሮ ተናገረ። የምትሰሙት ከለመዳችሁት የተለየ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልስማማበትም አለ። ታዲያ ለምን ትመራዋለህ የሚለውን ጥያቄም ራሱ አንሥቶ ራሱ መለሰ። ይህ ሰው አስቦ የሚሠራ ሙዚቀኛ ስለሆነ አሳቡን በቁም ነገር ልናየው ይገባል፤ ከእሱም አዲስ ነገር እንሰማለን የሚል ነበር መልሱ። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ፣ ባላመነበት ፍጥነት፣ ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው አብሮት ሠራ። ጉልድ ንግግሩ እንደሚኖር አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ አልከፋውም።

አድማጩ እንደገና ተከፋፈለ። የኒው ዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ጉልድ ያዘገመው ጣቱ ስላልቻለ ይሆናል እስከ ማለት ደረሰ። ሌሎች ደግሞ በበርንስታይን ላይ ተነሡ፤ እንግዳውን በሰው ፊት አዋረደው አሉ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አላለቀም።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ያሰብኩት ስለ ጉልድ አልነበረም። ስለ አንድ ልጅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በመዘምራናችን ኪቦርድ የሚለማመድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ሲጫወት ጎንበስ ብሎ አፍንጫው ቁልፎቹን ሊነካ ይደርሳል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀስ ብሎም ያንጎራጉራል። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ እኔ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጬ እሱን አስመሰልኩት። ጎነበስኩ፤ ከንፈሬን አሾልኩ፤ እምም እያልኩ አንገቴን ወዘወዝኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ለማረም ያህል «እንዲህ አይሆንም፤ መድረክ ሥርዓት ይፈልጋል» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ከሁለት ወር በኋላ ጭራሽ ቀረ። «ትምህርት በዝቶበት ነው» ተባባልን። ለእኔ የሚመቸኝ ምክንያት ስለሆነ ሌላ አልጠየቅሁም።

ልዩነቱን አያችሁ? በርንስታይንም አልተስማማም፤ እኔም አልተስማማሁም። አለመስማማት ነውር አይደለም፤ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ አለ። ነገር ግን በርንስታይን አስቀድሞ ሰምቷል፤ ፊት ለፊት ተነጋግሯል፤ ሰውየውን አክብሮ ልዩነቱን ተናግሯል፤ ከዚያም አብሮት ተጫውቷል። እኔ አልሰማሁም። ልጁ ምን እንደሚጫወት ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን አስመስዬ ላሳያችሁ እችል ነበር። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የጉልድን ታሪክ ልጨርስላችሁ። በ1964፣ በ31 ዓመቱ፣ በሎስ አንጀለስ ተጫወተና ከዚያ በኋላ በሕዝብ ፊት ኮንሰርት አላቀረበም። አዳራሽ ውስጥ ሰው እየተመለከተው መጫወትን ይጠላ ነበር፤ ስቱዲዮ ገብቶ መቅረጽን መረጠ። በ1977 ወደ ሕዋ በተላኩት የቮየጀር መንኮራኩሮች ላይ ከተጫኑት ሙዚቃዎች አንዱ እሱ የተጫወተው የባኽ ሥራ ነው። በ1981 ደግሞ ያንኑ «ጎልድበርግ» እንደገና ቀረጸው። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ሁለተኛው 51 ደቂቃ ገደማ ሆነ። የወጣትነቱ ቅጂ አልጣመውም ነበር። ሁለተኛው ቅጂ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በ50 ዓመቱ ዐረፈ። የሚወዱት ሰዎች ሳይቀሩ ዛሬም ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ። የሚገርመው፣ ከወጣቱ ጉልድ ጋር ካልተስማሙት አድማጮች አንዱ ጉልድ ራሱ ነበር።

መብራት በጠፋበት በዚያ ቅዳሜ፣ «ሥርዓት የለውም» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ቴነር የሚዘምረው ወንድም ዞር ብሎ አየኝ። «ያ ልጅ ትዝ አለህ?» አለኝ። «እሱ ሲጫወት እኮ ድምፄን አጥቼ አላውቅም። የሚያንጎራጉረው የእኛን የቴነሮቹን ዜማ ነበር።» መልስ አጣሁ።

በሳምንቱ ልጁ ቤት ሄድኩ። እናቱ በሩን ከፍተው «ግባ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» አሉኝ፤ የጠፋሁት እኔ ነበርኩና አፈርኩ። ልጁ አድጓል፤ ቁመቱ በልጦኛል። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ወንድሜ፣ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን እንዲህ አለ፦ «ሳላንጎራጉር ለመጫወት ሞክሬ ነበር። አፌን ስዘጋው እጄም ይዘጋል።»

ስለ ጉልድ ነገርኩት፤ ስልኬንም ሰጠሁት። ዐይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ ሰማ። እኔ ደስ ብሎት አቅፎ የሚስመኝ መስሎኝ ነበር። ዐይኑን ገልጦ «ፒያኖው ግሩም ነው፤ ማንጎራጎሩ ግን ይረብሻል» አለኝ። «እኔ ይህን ያህል አንጎራጉር ነበር እንዴ?» ብሎም ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ያኔ አልሰማሁህም።»

ወደ መዘምራኑ እስካሁን አልተመለሰም፤ እንደሚመለስም ቃል አልገባልኝም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልምምድ ላይ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ኪቦርዱን ባዶ ትቼ ወጣሁና እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ።

እናንተስ? በቡድናችሁ ሁለቱን የጉልድ ቅጂዎች አንድ ቀን አብራችሁ ስሟቸው። መነሻ ዜማውን ብቻ ከሁለቱም ብትሰሙ ይበቃል። ማንም ከመናገሩ በፊት እያንዳንዳችሁ የሰማችሁትን በወረቀት ጻፉ። ትከፋፈላላችሁ፤ ተከፋፈሉ። ከዚያ በኋላ በመካከላችሁ ሲጎነበስ ወይም ሲያንጎራጉር የሳቃችሁበት ሰው ካለ፣ እሱንም እንደዚሁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ጊዜ ስሙት።