ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት

ሎግ የሚባለውን ነገር ለማታውቁት፦ አንድ ዌብ አፕሊኬሽን የሚሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ማን ገባ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት፣ በስንት ሰዓት። ችግር ካልመጣ የሚያነበው ሰው የለም። እሱ ግን ቀን ከሌሊት ይጽፋል። ዝም ካሉት ዲስኩን ይሞላል፤ ዲስክ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል፣ ሳይቱም ይቆማል።

አዳማ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ቆቃን አስቡት። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ የታሰበው ውሃ እንዲይዝ ነው። አዋሽ ግን ከውሃው ጋር ደለል ይዞ ይመጣል፤ ደለሉም ከዓመት ዓመት የውሃውን ቦታ እየወሰደ ኖሯል። ሎግም የሰርቨር ደለል ነው። ልዩነቱ፣ እዚህኛው ደለል ውስጥ አንዳንዴ የሰው እውነት ተቀብሮ ይገኛል።

ደለሉን የሚጠርገው የሊኑክስ መሣሪያ ሎግሮቴት ይባላል። በየቀኑ እንዲሠራ ከታዘዘ፣ በቀን አንዴ ተነስቶ ሲጻፍበት የዋለውን ፋይል ስም ይቀይራል፣ በቦታው ባዶ ፋይል ይከፍታል፣ የቆዩትን ይጨምቃል፣ ከተወሰነ ቁጥር ያለፉትን ይሰርዛል። ትእዛዙ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፦ «ዴይሊ»፣ «ሮቴት 14»፣ «ኮምፕረስ»። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኤንጂንኤክስ ስትጭኑ አብሮ የሚመጣው ይሄው ነው። በየቀኑ ቁረጥ፣ 14 አስቀር፣ ሌላውን ጣል።

አንድ ተንኮል አለው። የፋይሉን ስም ስለቀየራችሁ ብቻ ፕሮግራሙ ወደ አዲሱ አይዞርም። መዝገብ ላይ አቀርቅሮ የሚጽፍ ጸሐፊ አስቡ፤ ሽፋኑ ላይ «ያለፈው ወር» ብላችሁ ብትለጥፉበት እሱ አላየም፣ መጻፉን ይቀጥላል። ትከሻውን ነካ አድርጎ «አዲሱን ክፈት» የሚለው ሰው ያስፈልጋል። «ፖስትሮቴት» የሚባለው ክፍል ሥራው ይሄ ነው። እሱ ከሌለ፣ ተሰረዘ ያላችሁት ፋይል እንኳ ፕሮግራሙ እስካልዘጋው ድረስ የዲስኩን ቦታ አይለቅም።

እስከዚህ ድረስ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። አሁን ወደ ሽንኩርቱ ልምጣ።

የምንጠብቀው ሰርቨር በመቂ፣ በባቱና በአዳማ መካከል ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ጭነት የሚያስመዘግቡበት ነው። አንድ ቅዳሜ ከመቂ አንዲት ነጋዴ ደወሉ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጭነቴን አስገብቻለሁ። ሰውየው አሁን ‹እዚህ የለም፣ አላስመዘገብሽም› ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልባል?»

«እትዬ፣ ቀኑን እርግጠኛ ነዎት?»

«ለእሁድ አጥቢያ ነው አልኩህ እኮ። መኪናው ሲነሳ ቆሜ ነው የነካሁት።»

ዳታቤዙ ውስጥ ምንም የለም። የቀረው ሎጉ ነው። ችግሩ፣ የትኛው ቀን? በእሳቸው አነጋገር ቅዳሜ ነው፤ የእኛ ቀን ከጠዋት ወደ ጠዋት ነውና ሌሊቱ ገና የቅዳሜ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት እሁድ ከገባ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሰርቨሩ ደግሞ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ለእሱ ያቺ ደቂቃ ቅዳሜ 23፡00 ተኩል ሳይሞላ ነች። የሚገርመው፣ ባሕር ማዶ ያለው ማሽን ከሴትዮዋ ጋር ተስማማ። የእሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ለሁለቱም ቅዳሜ ነው።

የፋይሉ ስም ግን እሁድ ይላል። ሎግሮቴት በስም ላይ ቀን ጻፍ ሲባል የሚጽፈው የቆረጠበትን ቀን እንጂ የይዘቱን ቀን አይደለም (ይህን የሚያስተካክል «ዴትየስተርዴይ» የሚባል ትእዛዝ አለ)። ድሮ የዴቢያን ሰርቨሮች የቀን ሥራቸውን የሚጀምሩት 6፡25 ላይ ነበር፤ ሰዓቱ በእኛ ለተሞላ ማሽን ከጠዋቱ 12፡25 መሆኑ ነው። ቀን ሲነጋ ይጀምራል የምንለው እኛ ብቻ አልነበርንም።

የእሁዱን ፋይል ከፈትኩት። ከ14ቱ የመጨረሻው ነበር፤ በዚያው ሌሊት 9 ሰዓት ይሰረዝ ነበር።

መስመሯ አለች። የሴትዮዋ መለያ ቁጥር፣ የምዝገባው ገጽ፣ ሰዓቱ፣ መጨረሻ ላይ 499። ኤንጂንኤክስ ይህን ቁጥር የሚጽፈው ጠያቂው መልስ ሳይደርሰው ግንኙነቱ ከተቋረጠ ነው። ኔትወርክ ሄዷል። መዝገቡ ስንት ኩንታል እንደነበር አይናገርም። የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ሌሊት፣ ባሉት ሰዓት፣ ሞክረዋል። ይህንኑ በአማርኛ ጽፌ ላክሁላቸው። «ተመስገን፣ ይሄ ይበቃኛል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያቺን 14 ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ለየትኛውም አገር፣ ለየትኛውም ሥራ አብሮ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ መቂ ውስጥ ሒሳብ በወር መጨረሻ እንደሚዘጋ አያውቅም። ሕጉን ስታዩ ደግሞ ወደ ሁለት ወገን ይጎትታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በበኩሉ የሰው መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይ ይላል። (የመጀመሪያው በእንግሊዝኛው ዓምድ 2016፣ ሁለተኛው በአማርኛው 2016። ከአቆጣጠር ማምለጫ የለም።)

ሁለቱን ያስታረቅነው ሎጉን በማቅለል ነው። ስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ የጭነቱ ዋጋ አይጻፍበትም። ማን፣ መቼ፣ ምን ሞከረ፣ ምን ተመለሰለት፤ በቃ። እንዲህ የቀለለ ጽሑፍ ሲጨመቅ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አስረኛው ይወርዳል፣ ዲስኩም ዓመቱን ይችለዋል።

ሰርቨር ለምትጠብቁ፦ «ሮቴት» ከሚለው ቃል አጠገብ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት፣ ተጠቃሚዎቻችሁ የሚተሳሰቡት፣ የሚጣሉትና የሚካሰሱት በስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ። ቁጥሩ የዲስክ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው «ሞክሬ ነበር» ብሎ የሚታመንበት ጊዜ ርዝመት ነው። የእኛው አሁን 400 ይላል።