ሽምደዳና ሽማግሌ

ፈተና ሲቃረብ ሃንድአውት ታቅፎ ማደር ያልገጠመው ወጣት ካለ እስኪ እጁን ያውጣ! ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድነው፣ ጠዋት የፈተናው ወረቀት ሲታደል ብን ብሎ ይጠፋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ከዚህ ጣጣ ስለወጣች የአክስቴ ልጅ ነው።

በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። የባዮሎጂ ተማሪዋ የአክስቴ ልጅም የኢኮሎጂ ሃንድአውቷን ይዛ ቢቸና ገባች። ዋርኒንግ ላይ ስለነበረች ይህን ኮርስ ከወደቀች መባረሯ ነው። በዚያ ላይ ቤታቸው ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባቷ «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» ብለው መለሱ። ከተባረረች ግን መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ እንቅልፍ አጣች።

እኔ ከ12ኛ ክፍል አላለፍኩም። ኢኮሎጂ የሚባለውንም የሰማሁት ከእሷ ነው። አንድ ቀን «ኒች ማለት ምንድነው?» አልኳት። በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት ደገመችልኝ። «እሺ፣ በአማርኛስ?» ስላት ዝም!

መስከረም 2013 ላይ ሞጣ ወዳሉት አያታችን አብረን ሄድን። ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚገባው መንገድ ራሱ ሃንድአውት ነው። ፊታችሁን ወደ ሞጣ ስታዞሩ በግራ የጮቄ ተራራ፣ በቀኝ ደግሞ የዓባይ በረሃ ነው። ከፍታው 4000 ሜትር በሚያልፈው ጮቄ ላይ ጅብራ ይቆማል። ዝቅ ሲል ገብሱ፣ ከዚያ ጤፉ፣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ማሽላው ይመጣል። ገበሬው ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለውን ሃንድአውቱ «ዞኔሽን» ይለዋል። ልጅቷ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ መቁጠር ጀመረች። ጦም ያደረ ማሳ መጀመሪያ ሳር፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዓመታት በኋላ ዛፍ ሲያበቅል «ሳክሴሽን» ነው። የወል ግጦሹ ላይ ከብት በዝቶ ሳሩ ሲያልቅ «ካሪንግ ካፓሲቲ» ታለፈ ማለት ነው። ዙሪያው ተመንጥሮ ጽድና ወይራው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ሲቀር ደግሞ «ፍራግመንቴሽን» ይባላል።

ማታ ሞጣ ላይ ጉጉት ጮኸ። አያታችን «ቀን ጭልፊት፣ ማታ ጉጉት፤ አይጧን ተራ ገብተው ነው የሚለቅሟት» አሉ። ልጅቷ ከመደቡ ዘላ ተነሳች። «ይኸው ኒች!» አለች። ጋውዝ የተባለ የሩሲያ ሳይንቲስት በ1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመውን ሙከራም ያን ጊዜ አስረዳችን። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ዓይነት ምግብ የሚሻሙ ሁለት ረቂቅ ነፍሳት አስገባ፤ አንዱ ሌላውን አጠፋው። ጉጉትና ጭልፊት ግን ሰዓት ተከፋፍለው ይኖራሉ። አያታችን «ይሄን ለማወቅ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» ብለው አሳቁን።

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተፈተነች፤ ሲ ፕላስ አመጣች። ዋርኒንጉ ተነሳላት፤ ሽማግሌዎቹም ሌላ በር አንኳኩ። ዛሬ ተመርቃ አስተማሪ ሆናለች።

ምክሬ አጭር ነው። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ያዙት፤ ግን መጀመሪያ በአማርኛ ይግባችሁ። ለእያንዳንዱ ቃል ከሰፈራችሁ አንድ ምሳሌ ፈልጉለት። ትምህርቱን ለማያውቅ ሰው አስረዱ፤ የምትደናቀፉበት ቦታ ያልገባችሁ ነው። ባንድ ሌሊት ከመጨረስ ቀን እየዘለላችሁ ከልሱ። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት፣ አዲስ የተሸመደደ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት እንደሚረሳ አሳይቷል። የፈተና ዋዜማ ደግሞ ተኙ!

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ለፈተና ስትቀመጥ ሽማግሌውን ከደጅ መልሱት። ሁለት ፈተና ባንድ ጊዜ የሚወጣ የለም።